በፈቃዳቸው የመጡ ልጆች

ዲንሾ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጣይቱ፣ ደሎ መና

ሰላምታዬ የሳነቴን ብርድ ተሻግሮ በደህና ይድረስዎ። እንዴት ሰነበቱ? ደረትዎስ እንዴት ነው? ልጅዎ ማሂ ደህና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማሂ «በስልክ ጻፊላት» ብትለኝም፣ እርስዎ በመስታወት ላይ የሚንሸራተት ፊደል አላነብም ስላሉ ይኸው በወረቀት ጻፍኩልዎ። መደወሉንም ሞክረነዋል። እርስዎ አይሰሙኝም፣ እኔ እጮሃለሁ፣ አከራዬ ከሰው የተጣላሁ መስሏት ልትገላግለኝ ትሮጣለች። ስለዚህ የደሎ መናው አውቶቡስ ረዳት ዲኖ ዕድሜ ይስጥልን፤ ፖስታ ቤታችን እሱ ነው።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ፦ ማንም አላዘዘኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስበሽ ሳይንስ አሠሪ ያለኝ የለም፤ ለእድገትም አይቆጠርልኝም። ሥራው በፈቃድ ነው። ማርክ የለው፣ ስም መጥራት የለ፤ የቀረ ቀረ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ጥያቄው ልጁ ራሱ ያመጣው፣ መልሱን እኔም መጽሐፉም የማናውቀው መሆን አለበት። ርዕሰ መምህራችን ሰሎሞን «በፈቃድ ከሆነ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ የአሮጌውን መጋዘን ቁልፍ ሰጠኝ።

ልጆቹ ያመጡትን ጥያቄ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። አንዱ የቤታቸው በግ ስሟን ታውቅ እንደሆነ ማጣራት ይፈልጋል። እስካሁን ያጣራው በጓ ስሙን እንደማትፈልገው ነው። ሌላዋ አመድ የተነሰነሰበትና ያልተነሰነሰበት ገብስ ዘርታለች። ልቤን የወሰደችው ግን የአምስተኛ ክፍሏ ሰቢሪና ናት። ከመንደራችን በታች ሆራ አለ፣ ጨው ጨው የሚል ምንጭ፤ ከብቱ ሁሉ በየወቅቱ እየተነዳ ሄዶ ይጠጣዋል። ላም ሆራ ከጠጣች ወተቷ ይጨምራል ይላል ሰው ሁሉ። ሰቢሪና «እውነት ነው?» ብላ ተነሳች። ጓደኞቿ ሁሉም የሚያውቀውን ምን ትጠይቂያለሽ ብለው ሳቁባት። እሷ ምን አለች መሰለዎ? «ሁሉም ካወቀው ማን ለካው?»

ወዲያው ሥራ ጀመርን። ላም ያላቸው ልጆች ጠዋት ጠዋት ወተቱን በኩባያ እየሰፈሩ ይነግሩኛል፤ እኔ ትልቅ ካርቶን ላይ የላሟን ስም፣ የባለቤቷን ስምና የኩባያውን ብዛት በቀይ ማርከር እጽፋለሁ። ካርቶኑን የሰቀልኩት በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። አባቶች ቆም ብለው ያነቡና ምንም ሳይሉ ይሄዳሉ። በልጆቻቸው ኮርተው ይመስለኛል።

አክባሪዎ ዙሀይራ


ደሎ መና፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙሁ፣

ከሰላምታ በፊት ያንን ካርቶን አውርጂ።

አወረድሽው? እንግዲህ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንቺ ልጅ፣ ሮቤ ነጋዴ ቤት ተወልደሽ፣ ወተት በሃይላንድ ፕላስቲክ ከገበያ ሲመጣልሽ ያደግሽ ነሽ። ኦሮምኛሽ ከእኔ የተሻለ ነው፤ የከብት ሰው ግን አይደለሽም። እኔ እዚያ ደጋ ላይ ሳስተምር ጎልማሳነቴን ጨርሼ ነው ጡረታ የወጣሁት። እዚያ ሰው ላሙ ስንት እንደምትሰጥ አይናገርም። ጎረቤትም አይጠይቅም። ቢጠየቅ እንኳ «አላህ የሰጠንን» ይላል እንጂ ይህን ያህል አይልም። ወተቱን ከፍተው ከነገሩት ዓይን ይገባበታል ብሎ ያምናል። አንቺ ደግሞ የባለቤቱን ስም ጨምረሽ፣ በቀይ ጽፈሽ፣ በመስኮት አሳየሽው። ያየሽው ዝምታ ኩራት አይደለም፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር አደባባይ ወጥቶበት ሲደነግጥ እንዲህ ዝም ይላል።

ጥያቄውን ግን ወድጄዋለሁ። «ማን ለካው» ያለችው ልጅ ማን ናት? ቁመቷ እንዴት ነው? ፊት ነው የምትቀመጠው ኋላ? እንዲህ የሚሉ ልጆች ኋላ ነው የሚቀመጡት።

ስለ ደረቴ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ። የቆላው ሙቀት ተስማምቶኛል። ማሂ የምትልሽን አትስሚ፤ እሷ ሳል በሰማች ቁጥር ሐኪም መጥራት ይቀናታል። ለዲኖ ይህን ደብዳቤ በአስቸኳይ አድርስ ብዬዋለሁ፤ አውቶቡሱ ካልተበላሸ።

ጣይቱ


ዲንሾ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጣይቱ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ነው። አውቶቡሱ እንደፈሩት ሪራ ላይ ተበላሽቶ ዲኖ መለዋወጫ ሲጠብቅ ከረመ። እሱን አልቀየመውም፤ የምቀየመው ራሴን ነው።

የሰቢሪና አባት ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ዳለቻ የምትባል ላም አለቻቸው። ካርቶኑ ላይ ከሁሉ በላይ የተጻፈችው እሷ ነበረች። ግቷ አበጠና ወተቷ ቀጥ አለ። በነጋታው መጋዘኑ ውስጥ ልጆቹ ፊት ገብተው ካርቶኑን ቀደዱት። አልጮሁም። «አስተማሪ፣ ልጄን ፊደል እንድታስተምሪ ሰጠሁሽ እንጂ ጓዳዬን ለመንገደኛ እንድትከፍቺ አልሰጠሁሽም» ብለው ወጡ። ሰቢሪና ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አዎ፣ ኋላ ነው የምትቀመጠው።

የእንስሳት ሐኪሙ በሽታ ነው፣ በመርፌ ይድናል ብሏል። ይህን ለእሳቸው መንገር ምን ይረባል? በሽታ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፤ የሚጠይቁት በሽታው ከዚያ ሁሉ ላም ለምን የሳቸውን እንደመረጠ ነው። ስለዚህ ቤታቸው ሄጄ፣ ሽማግሌ ሴቶች ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ። የምሬን ነው የጠየቅሁት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር አሉኝ፤ እናቷም ቂጣ በማር አቀረበችልኝ። ስወጣ ግን ኦቦ ዓብዱልፈታሕ በር ድረስ ሸኝተውኝ «ሰቢሪና ቅዳሜ አትመጣም» አሉ። ሌሎቹም አባቶች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አስቀሩ።

ይህንን እችለው ነበር። የማልችለው ሰሎሞንን ነው። ቁልፉን ተቀበለኝና የተየበውን ወረቀት ዘረጋልኝ። «ልጆች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ጥያቄ እንዲያነሱ ማድረጌ ስህተት መሆኑን አምኜ በፈቃድ የሚሠራውን የሳይንስ ሥራ ለዘለቄታው አቁሜያለሁ» ይላል። ከታች ስሜ ተጽፎ ፊርማዬን ይጠብቃል። ካልፈረምኩ ለበላይ ጽፎ ያስነሳኛል።

እትዬ፣ እኔ ይቅርታ የጠየቅሁት የሰው ወተት መስኮት ላይ ስለሰቀልኩ ነው። ልጅ ስለጠየቀ ይቅርታ አልጠይቅም። አሻፈረኝ ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጥቻለሁ። እርስዎ ምን ይሉኛል?

ዙሀይራ


ደሎ መና፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙሁ ልጄ፣

ፈርሚ።

አውቃለሁ፣ አሁን ፊትሽ ቀልቷል። ቀዝቀዝ እስኪል ውሃ ጠጪና ቀጥዪ። እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት አይቻለሁ መሰለሽ። መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ አቧራ ይበላዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ይቀየራል፣ መስከረም ሲጠባ አንቺ ሌላ ስም ሰጥተሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። በአፋቸው ምክንያት የተነቀሉ አስተማሪዎችንም አይቻለሁ። ጎበዝ ጎበዙ ነው የተነቀለው። ከሄዱ በኋላ በቦታቸው የመጣው ሰው ሰሌዳ ገልብጡ ብሎ ጋዜጣ የሚያነብ ነበር። አንቺ ከተነሳሽ ለዚያች ኋላ ለምትቀመጠው ልጅ ማን ይቀርላታል? ጀግንነት እንደሆነ ለጡረታ አይያዝም።

ያ ሰሎሞን ክፉ ሰው አይመስለኝም። የፈራ ሰው ነው። አባቶች ተሰብስበው ቢከሱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ለፈራ ሰው ፊርማ ስጪውና ይተኛበት።

ለገና አንድ ማሰሮ የሐረና ማር በዲኖ ልኬልሻለሁ። ክርስቲያን ባትሆኚም ማር ሃይማኖት የለውም።

ጣይቱ


ዲንሾ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጣይቱ፣

እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሰዎ። ማሩ ደርሶኛል፣ ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨርስ አጠፍኩት። ሁለተኛ ቀን ነው የጨረስኩት።

አልፈረምኩም። አልፈርምምም። ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ውርጭ የዛፉን ቅጠል ትቶ የድንቹን ለምን እንደሚያቃጥል ስጠይቅዎ ማን ነበር ልጅቷን ዝም አሰኟት ሲባል እጄን ይዞ ውጭ አውጥቶ ሣሩን ያስነካኝ? እርስዎ ነዎት ያስለመዱኝ። አስለምደው አሁን ፈርሚ ይሉኛል። ይህን ጽፌዋለሁ፤ አልሰርዘውም።

አሁን ወሬውን ልንገርዎ። ሰቢሪና ቅዳሜ ተከልክላ የለ? ሰኞ ክፍል ሲያልቅ ቀረችና፣ እንደ ልጆቹ ሁሉ «ባርሲስቱ»፣ አስተማሪ፣ ብላ ጠራችኝ። (የምትለውን በኦሮምኛ ነው የምትለው፤ ለእርስዎ በአማርኛ ልጻፈው።) «ባርሲስቱ፣ እኔ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ጨመረ ወይ ነው ያልኩት። ስንቱን ማን ማወቅ አለበት?» አለች።

ልጅቷ ቀጠለች። የክፍል አለቃ ስንመርጥ ወረቀት አጣጥፈን ጣሳ ውስጥ እንደምንጨምረው እንጨምር አለች። እያንዳንዱ ቤት በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ምልክት ይለካ፤ ለማንም አይንገር። ወተቱ ካለፈው ሳምንት ከጨመረ ባቄላ፣ ካልጨመረ ገብስ በተጨበጠ እጅ ይጣል። የማን ላም እንደሆነች ማንም አያውቅም። ባቄላው ከበዛ በዛ፣ ካልበዛ አልበዛም።

አባቷ ዘንድ አብረን ሄድን። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን በቢላ ሰንጥቀን ይዘናል። ኦቦ ዓብዱልፈታሕ አገላበጡት፣ ነቀነቁት።

«የማን እንደሆነ አይታወቅም?»

«አይታወቅም።»

«አስተማሪዋስ?»

«እኔም አላውቅም።»

ጣሳውን ለልጃቸው መለሱላት። «እንግዲያው እኔው ነኝ የምጥለው» አሉ፤ «የልጅ እጅ ይከፈታል።»

ዳለቻ ድናለች። አሁን ቅዳሜ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ አባቶችም ጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን ጨብጠው ይመጣሉ። መጋዘኑ ስለተቆለፈ ከሆራው በላይ ያለው ሜዳ ላይ ነው የምንቀመጠው። ከብቱ ሆራ የሚወርደው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ያለ ሆራ እንለካለን፣ ከዚያ በኋላ ከሆራ ጋር። ሰሎሞን ሜዳውን ከሚያዋስነው የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቆሞ «ማን አዘዛችሁ?» ብሎ ጮኸ። በጓ ስም አልቀበልም ያለችበት ልጅ «ማንም» ብሎ መለሰለት። ቅዳሜ ከግቢ ውጭ ማዘዝ እንደማይችል ሰሎሞንም ያውቃል።

ዙሀይራ


ደሎ መና፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙሁ፣

ሰደብሽኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ለማሂም አነበብኩላት፣ ደስ አለኝ። ፈርሚ ያልኩትን ሰርዢው። አሁንም ቢሆን ግን ትነቀያለሽ ብዬ እፈራለሁ፤ መፍራቴን አልሰርዝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከብቱ ሆራ በጠጣበት ሳምንት የበልግ ዝናብ ቢጥልና ሣሩ ቢለመልም፣ ባቄላው የሆራው ነው የዝናቡ? ለልጆቹ እንዳትነግሪያቸው። ጠይቂያቸውና ዝም በይ። ዝም ማለት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ አፍሽ ላይ እጅሽን አድርጊ።

ጤናዬ ደህና ነው።

ጣይቱ


ዲንሾ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጣይቱ፣

እርስዎ ሁዳዴ ላይ፣ እኔ ረመዳን ላይ ነኝ፤ ዘንድሮ አብረን ራበን። ጾሙን ያስፈጽመን።

«ጤናዬ ደህና ነው» ብለው የጻፉልኝ ከጎባ ሆስፒታል በተመለሱ በሳምንቱ መሆኑን ዲኖ ነግሮኛል። አንድ የሚኒባስ መንገድ ያህል ቀርበውኝ ሳይነግሩኝ ተመለሱ! ሐኪሙም ዳግመኛ ደጋ እንዳይወጡ፣ ብርዱ ይገድልዎታል እንዳለዎ ሰምቻለሁ። በጣም ተቀይሜያለሁ። ቅያሜዬን በሌላ ደብዳቤ እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ ሌላ የሚጻፍ አለ።

ከብቱ ሆራ ወረደ። በሳምንቱ ጣሳውን ገልብጠን ብንቆጥር ባቄላው ገብሱን ዋጠው። ልጆቹ ዘለሉ፣ አባቶች «ብለን ነበር» ተባባሉ። እኔ እንዳሉኝ አፌ ላይ እጄን አድርጌ ጠየቅሁ፦ በዚህ ሳምንት ሌላ ምን የተለወጠ ነገር አለ? ሰቢሪና እግሯን አየች። ጫማዋ ጭቃ ነበር። «ዘንቧል» አለችና አኮረፈች። ማታ ቤቴ መጥታ በር ላይ ቆማ «ስለዚህ አናውቅም ማለት ነው። በደረቁ ወራት እንደገና እንለካለን» ብላኝ ሄደች። እትዬ፣ ከኮሌጅ ስመረቅ እንኳ እንደዚያን ማታ ደስ አላለኝም።

ባቄላ በዛ የሚለውን ሰሎሞን ሰማ። ከዞን እንግዶች ለኤግዚቢሽን ሊመጡ ነበርና ሮቤ ወርዶ ሰሌዳ በቀለም አጽፎ መጣ፦ «የሆራ ውሃ የወተት ምርት ይጨምራል፤ በተማሪዎቻችን የተረጋገጠ።» ቢሮው ጠራኝ። የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ የይቅርታውን ወረቀት ፊቴ ቀደደው። ሰቢሪና ዩኒፎርሟን አጥባ እንድታነበው ብቻ ነው የፈለገው። «ሁላችንም እንጠቀማለን፣ ዙሀይራ» አለኝ። እየለመነኝ ነበር።

ምን ልበልዎ፣ ፈተናው ቀላል አልነበረም። ቁልፉ እዚያው ነው፣ እጄን መዘርጋት ብቻ። ያልተረጋገጠ ነገር በልጆቹ ስም አላስነብብም አልኩት። እንግዲያው ልጅቷን በቀጥታ እጠይቃታለሁ አለኝ። ጠይቃት አልኩት። እኔ ለሰቢሪና ምንም አልነገርኳትም፤ ይህን ያምኑኛል አይደል?

በዕለቱ ወላጆች ሁሉ መጥተዋል። ሰቢሪና ዩኒፎርሟን አጥባ ወጣች። ሰሌዳው ላይ ያለውን አየችና ወደ እንግዶቹ ዞራ እንዲህ አለች፦ «ባቄላው በዝቷል። ግን ያን ሳምንት ዘንቧል። ስለዚህ ገና አናውቅም። እዚህ የተጻፈው ልክ አይደለም።» ድምጿ ይቆራረጥ ነበር፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተናገረችው። አንዱ እንግዳ «ታዲያ መቼ ታውቃላችሁ?» አላት። «ዝናብ በማይጥልበት ጊዜ» አለች። ከወላጆቹ መካከል ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ተነሱና «ዝናቡን እኔም ረስቼው ነበር፣ ልጄ ልክ ናት» ብለው ተቀመጡ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሰሎሞን ብቻ አላጨበጨበም። እውነቴን ነው፣ አሳዘነኝ።

ሐዘኔ ግን ለአንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። ትናንት የዝውውር ደብዳቤ ሰጠኝ። «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ከጊኒር ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት፣ ከዒድ በኋላ በአስቸኳይ። ብዬሽ ነበር እንዳይሉኝ። ብለውኝ ነበር፤ ዳግመኛም ቢሆን አልፈርምም።

ዙሀይራ


ከጊኒር ወዲያ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጣይቱ፣

በደህና ገብቻለሁ። ሰዉ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ለእርስዎ ይሆን ነበር። ስለ ራሴ ይህን ያህል ይበቃል።

እኔ ስነሳ ልጆቹ ቅዳሜያቸውን አልተዉም ነበር። ሥራው በፈቃድ አይደል፣ አዛዥ አያስፈልገውም ብለው ራሳቸው ተሰበሰቡ። ይህን ስሰማ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጨፈርኩ። ትናንት ግን ኦቦ ዓብዱልፈታሕ ደወሉልኝ። ሰሎሞን ወላጆቹን ሰብስቦ፣ ልጆች ያለ አስተማሪ ውሃ ዳር አይሰበሰቡም፣ አንዱ ቢወድቅ ተጠያቂው አባቱ ነው ብሏቸዋል። አስተማሪ የሆነ ሰው አብሯቸው ካለ አልከለክልም አለ አሉ። ተንኮሉን አዩት? ከአስተማሪዎቹ ማንም እንደማይደፍር ያውቃል። የእኔን ያየ ማን ይቀመጣል? አባቶቹ ደግሞ የውሃው ነገር እውነት ስለሆነ ምን ይመልሱ? ልጆቹን አስቀሩ። ሰቢሪና ከማንም ጋር አትነጋገርም አሉኝ።

ደረቁ ወራት ሲመጣ ማን ይለካል? ሰሎሞን የጻፈው ሰሌዳ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማንም ካላስተባበለው እውነት ሆኖ ይቀራል፤ የምትጠይቅ ልጅም መጨረሻዋ ይህ ነው ተብሎ ይቀራል። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተሸነፍኩ አላልኩዎትም። ዛሬ ግን ተሸንፌያለሁ፣ እትዬ። ያለቀስኩበት ወረቀት ስለሆነ ቀለሙ ተበላሽቷል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለትንሣኤ በሰላም ያድርስዎ።

ዙሀይራ


ዲንሾ፣ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙሁ፣

ከላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም አንብቢ። አልተሳሳትኩም፤ አርጅቻለሁ እንጂ የት እንደተቀመጥኩ አውቃለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጾም ማብቂያው ሳምንት ነው። ትንሣኤን ከማሂ ጋር ውዬ፣ ዶሮዬን በልቼ፣ በማግሥቱ ሻንጣዬን አወጣሁ። ማሂ አለቀሰች፣ ሐኪሙ ያለውን አስታወሰችኝ፣ በመጨረሻም አኮረፈችኝ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁትም። ሐኪሙ ስንት ልጅ ሜዳ ላይ እየጠበቀኝ እንደሆነ አያውቅም። ዲኖ ሳነቴ ላይ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ እየሳልኩም ቢሆን ደረስኩ። አከራይሽ ያንቺን ክፍል ሰጠችኝ። የእኔ እንግዳ ነሽ ብላ ኪራይ እንኳ ላነሳባት አልፈቀደችም።

ኦቦ ዓብዱልፈታሕን ቤታቸው ሄጄ ተዋወቅኋቸው። ኦሮምኛዬ ዝጓል፤ ሰውየው ግን ጨዋ ናቸው፣ አልሳቁብኝም። አስተማሪ የሆነ ሰው ይፈለጋል ተብሏል፤ ይኸው አስተማሪ አልኳቸው። ምስክር ወረቀቴን ይዤ ነበር የሄድኩት፣ አላዩትም። ጋቢያቸውን አንስተው ደረቡልኝና ሌሎቹን አባቶች ሊጠሩ ወጡ።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ በሙሉ መጡ። ሰቢሪና ኋላ ሄዳ ተቀመጠች፤ አውቄአት ነበር። ጆሮዬ እንደማይሰማ ስለነገርኳቸው ጥያቄያቸውን እየጮሁ ነው የሚጠይቁኝ። ዓይናፋሩም ሳይቀር ጮኸ። መንደሩ ሁሉ ሰማን። ያ የበጓ ባለቤት አሁን በጓ ስሟን ባትፈልግም ድምፁን ታውቅ እንደሆነ ማጣራት እፈልጋለሁ ብሏል፤ ፈቅጄለታለሁ።

አጥሩ ጋ ያ ሰሎሞን መጣ። ቀጭን ሰው ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። በትህትና «እማማ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ። አስተማሪ ነኝ አልኩት። ጮኾ «ከየት ተመድበው ነው?» አለኝ። ከጡረታ አልኩት። ቆመ፣ ልጆቹን አየ፣ አባቶቹን አየ፤ አባቶቹም አዩት። «ለበላይ አካል አሳውቃለሁ» አለ።

አልጮህኩበትም፤ ልጆች ፊት አይጮህም። «አሳውቅ ልጄ» አልኩት። «ዙሀይራን ከጊኒር ማዶ አዛወራችኋት። እኔን ጡረተኛዋን ወዴት ታዛውሩኛላችሁ?»

ጣይቱ